ጥበብ በሰሜን፣ ተፈጥሮ በደቡብ? ለተለመደው የበጋ ጉዞ እቅድ የቀረበ ምላሽ

ታኅሣሥ ሲገባ የጉዞ ወሬ ይበዛል። ለገናና ለጥምቀት ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ፣ የዓመት ፈቃዱን ለበጋ ያቆየ ሠራተኛ፣ ተማሪዎቹን ይዞ መውጣት ያሰበ መምህር፣ ሁሉም ወዴት እንደሚሄድ ይማከራል። ምክሩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ብያኔ ይዘጋል፤ ጥበብና ታሪክ የሚወድ ወደ ሰሜን ይውጣ፣ ተፈጥሮ የሚወድ ወደ ደቡብ ይውረድ። ሁለቱንም የሚወድ ደግሞ ላሊበላንና ጎንደርን ያዳርስና የተረፈችውን ሁለት ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር ይረፍባት።

ብያኔው የአስጎብኚዎች ብቻ አይደለም። የአገሪቱን ጥበብ ታሪክ በሚተርኩ ጽሑፎች ውስጥም ሐሳቡ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሥዕል፣ ብራናና ውቅር ሕንፃ «ጥበብ» ሲባሉ የደቡቡ ሐውልት፣ ሽመናና እርከን «ባህል» በሚል ሌላ መደብ ይመዘገባሉ። እኔ ይህ ክፍፍል በማስረጃ አይደገፍም፣ መንገደኛንም ያጎድላል እላለሁ። በደቡቡ መንገድ ላይ ጥበቡ የሚሠራው ከመሬቱ ነው፤ ቁሱን መሬቱ ይሰጠዋል፣ ጊዜውን ወቅቱ ይወስንለታል። ስለዚህ «የጥበብ ቀን» እና «የተፈጥሮ ቀን» ብሎ የሚከፍል እቅድ ሁለቱንም በግማሽ አይቶ ይመለሳል።

ክፍፍሉ ከየት መጣ?

የተለመደው አስተያየት ያለ ምክንያት አልተወለደም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲደራጅ፣ «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር የሚታወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰና ባልደረቦቻቸው አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት በዋናነት በሰሜኑ ታሪካዊ መስመር ነበር። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ በአውሮፕላን የሚያያዙ፣ በጥቂት ቀን የሚዳረሱ፣ ስለ እነሱ የተጻፈ ብዙ ታሪክ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ለዚያ ዘመን ምርጫው ብልህ ነበር። ስህተቱ የመጣው የአውሮፕላኑ መስመር ቀስ በቀስ የጥበቡ ድንበር ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

የዓለም ቅርስ መዝገብን ያየ ሰው ክፍፍሉ ገና ከመነሻው እንዳልሠራ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላ ሲመዘገብ በዚያው ዓመት አብሮት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሰሜኑ ራሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥበብም ተፈጥሮም ነበር ማለት ነው። አክሱም በ1980 ሲመዘገብ ደግሞ በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው ጢያ አብሮት ገብቷል። ሐረር በ2006 ከተመዘገበች በኋላ የተጨመሩት የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር (2011)፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ (2023)፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት (2024) ሁሉም የሚገኙት ከመዲናዋ ወደ ደቡብ ነው። መዝገቡ ወደዚያ ካዘነበለ ቆይቷል፤ የጉዞ እቅዳችን ግን በ1960ዎቹ ካርታ ላይ ነው ያለው።

ለክፍፍሉ ሦስት መከራከሪያዎች ይቀርባሉ። ደቡብ ቀንና ጽሑፍ ያለው ቅርስ የለውም ይባላል፤ ያለው ሥራ ለአገልግሎት የተሠራ እንጂ ጥበብ አይደለም ይባላል፤ በመጨረሻም በደቡብ የሚታየው «ባህል» ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ይባላል። አንድ በአንድ እንያቸው።

ድንጋዩ ቀን አለው

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገድ የመጀመሪያውን መከራከሪያ ገና ጉዞው ሳይጋመስ ያፈርሰዋል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተሄደ አዋሽን የሚሻገሩበት ቦታ መልካ ቁንጡሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኔዘርላንዳዊው ዤራርድ ዴከር ካገኘው ወዲህ የተካሄደው ቁፋሮ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ የሚሄድ የድንጋይ መሣሪያ አውጥቷል። እዚያው አቅራቢያ ያለው ባልጪት ደግሞ የባልጩት መገኛ ነው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ አዳዲ ማርያም አለች፤ ከአለት የተፈለፈለች፣ ትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር የሚያያይዛት ቤተ ክርስቲያን። «የሰሜን ጥበብ» የምንለውም ወደ ደቡብ ሲወርድ ጠባቂ አላቆመውም።

ጢያ የሚገኘው በሶዶ ነው። ሠላሳ ስድስት ድንጋዮች ይቆጠራሉ፤ ሠላሳ ሁለቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ፊት ለፊታቸው ቆሞ የሚያይ ሰው ሰይፍ፣ ክብ፣ ከሥሩ የሚንሰራፋ ቅጠል የሚመስል ምልክት ያገኛል። ጧት ፀሐይ በጎን ስትመታቸው ቀራጩ የሰይፉን ጠርዝ ከድንጋዩ ገጽ ምን ያህል እንዳስወጣው በግልጽ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ጎብኚ ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። ሰዓት መምረጥ የእቅድ ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ፈረንሳዊው አባ አዛይስ ከሻምባር ጋር በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደቡቡን ሐውልቶች ዞረው መዝግበዋል። ኋላም ሮዤ ዡሶም ጢያን ቆፍረው ከሐውልቶቹ ሥር መቃብሮች እንዳሉ፣ ከተቀበሩትም ብዙዎቹ ወጣቶች እንደነበሩ አሳይተዋል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ሐውልቶቹ ግን ግራኝ የሚባሉት ኢማም አሕመድ ከመነሳታቸው በፊት የቆሙ ናቸው። ስያሜው የሚነግረን የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት በሰው ትዝታ ውስጥ ምን ያህል እንደገዘፈ ነው፤ የቀደመውን ሁሉ ወደ ራሱ ጎትቶታል።

ወደ ጌዴኦ ሲወረድ የዕድሜው ነገር ይብሳል። በዲላ ዙሪያ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ላይ ሐውልቶቹ በተራራ ጫፍ ተሰብስበው ቆመዋል። ሳካሮ ሶዶ ላይ የተካሄደውና በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት ደግሞ የአንዳንዶቹን ዕድሜ ቀድሞ ከሚታሰበው ሺህ ዓመት ያህል ወደኋላ ገፍቶ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን አድርሶታል። ያ የአክሱም መንግሥት ገና የሚነሳበት ዘመን ነው።

ዕድሜ የሚቆጠረው በጽሑፍ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ኮንሶ ያስተምራል። በግንብ በተከበቡት የኮንሶ መንደሮች አደባባይ ላይ አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ የሚተከል ረጅም ግንድ አለ፤ ግንዶቹ እየተደራረቡ ይቆማሉ። ግንዱን የቆጠረ የመንደሩን ዕድሜ ያገኛል። ኮንሶዎች በዚህ ዓይነት ቆጠራ የ21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ ታሪካቸውን ይናገራሉ። ይህ ብራና አይደለም፤ ቀን የሌለው ቅርስ ነው ማለት ግን አይቻልም።

የአገልግሎት ዕቃ ጥበብ አይደለምን?

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠለቅ ያለ ነው። የሰሜኑ ሥዕል ለእይታና ለጸሎት ተሠራ፤ የደቡቡ ጋቢ ለብርድ፣ ቤቱ ለመጠለያ፣ እርከኑ ለእርሻ ተሠራ፤ ስለዚህ አንዱ ጥበብ ሌላው ሙያ ነው ይላል። መልሱ ከተከራካሪው ቁም ሣጥን ይጀምራል። በገናና በጥምቀት የምንለብሰውን፣ የሐበሻ ማንነት ምልክት አድርገን በፎቶ የምንልከውን ባለጥለት ልብስ በአመዛኙ የሚሸምኑት የጋሞ ሰዎች ናቸው፤ ከተማው «ዶርዜ» እያለ የሚጠራቸው፣ በሽሮ ሜዳና በእንጦጦ ግርጌ ሰፍረው የሚኖሩ ሸማኔዎች። ጎንደር ላይ የጥምቀትን ታቦት አጅባ የምትሄደው ሴት ትከሻ ላይ ያለው ጥበብ ከደቡብ ተራራ ወርዶ የመጣ እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። በሰሜንና በደቡብ መካከል የተሰመረው መስመር የራሳችንን ነጠላ እንኳ አልከፈለውም።

ጥበቡ ከነምንጩ የሚታየው ግን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ነው። ከተማዋ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ በሙቀት ተቀምጣ፣ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ዶርዜ ሲደረስ ጋቢ ያስፈልጋል። ሙዝና ማንጎው ይቀርና እንሰትና ቀርከሃ ይጀምራል። ጥጡ የቆላ ነው፣ ሸማኔው የደጋ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ይሸምናሉ። ድሩ ተወጥሮ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲበር የሚያይ ሰው፣ በድንጉዛው ላይ ያሉት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት በአንድ መስመር ስህተት እንደሚበላሹ ይገባዋል።

የዶርዜ ቤት ደግሞ እንደ ልብስ የተሸመነ ነው። የቀርከሃው ስንጥቅ ከታች ጀምሮ እየተጠላለፈ ይወጣና ጫፉ ላይ ይገጥማል፤ መግቢያው እንደ ዝሆን አፍንጫ ወደፊት ይወጣል። ውስጡ የሚነደው እሳት ጭስ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ሆኖም ምስጥ ከሥር መብላቱ አይቀርም። ባለቤቱ የተበላውን ክፍል ይቆርጥለታል፤ ቤቱም በየጊዜው ዝቅ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ አሮጌ ቤት በቁመቱ ይታወቃል፤ አዲሱ ረዥም ነው፣ የአያቶች ቤት ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ነው። ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። አፈሩን፣ ተክሉን፣ ብርዱንና ምስጡን አስልቶ የተሠራ ሕንፃ ነው። ጥበቡን ለብቻ፣ ተፈጥሮውን ለብቻ አድርጎ ሊያይ የሚፈልግ ሰው የትኛውን ግድግዳ ይመለከታል?

የዚህ ተራራ ሰዎች ለዓለም ሊቃውንት ያበረከቱትም አለ። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በዶርዜ ቆይቶ ስለ ተምሳሌታዊ አስተሳሰብ የጻፈው መጽሐፍ በመስኩ ታላቅ ስፍራ አግኝቷል። ከታወቁት ምሳሌዎቹ አንዱ ነብር ነው። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ከብታቸውን ግን በጾሙም ቀን ቢሆን ከነብር ይጠብቃሉ። በዚሁ በጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ ውስጥ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው አጽምም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከአፍሪካ ሙሉ ዘረመሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆኗል።

እዚህ ላይ መሠረታዊው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ለምን «ጥበብ» ሳይባል ቀረ? አንዱ ምክንያት በሰሜንም በደቡብም የምንጋራው ነውር ነው፤ የእጅ ሠሪን መናቅ። ሰሜኑ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ሲል እንደኖረው ሁሉ፣ በጋሞ ሸክላ የሚሠሩት ማናና ቆዳ የሚፍቁት ደጋላ ከሌላው ተለይተው ኖረዋል፤ በኮንሶም የእጅ ባለሙያው ተለይቶ ይታይ ነበር። ሠሪውን የናቀ ሥራውን ጥበብ ብሎ አይጠራም። ሆኖም ከዓለም ብርቅ ከሆኑ ሙያዎች አንዱ በኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች እጅ ይገኛል፤ ድንጋይ አንኳኩተው መፋቂያ ያወጣሉ። ተመራማሪዎች ሥራቸውን ካጠኑ በኋላ፣ የጥንት ድንጋይ መሣሪያ ሁሉ የወንድ ሥራ ነው የሚለው ግምት ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። በጉዞው መጀመሪያ በመልካ ቁንጡሬ የታየው ባልጩት ኮንሶ ላይ ሕያው ወራሽ ያገኛል ማለት ነው።

ኮንሶ ላይ ዓይን የሚይዘው ሌላው ነገር ዋካ ነው። ለጀግናና ለታላቅ ሰው መቃብር የሚቆም የእንጨት ሐውልት ነው። ሟቹ መሃል ላይ ይቆማል፤ ሚስቶቹ በጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ከዚያ ቀጥለው፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ትንንሽ ድንጋዮችም የነበረውን የእርሻ ማሳ ያመለክታሉ። አንድ ሰው የኖረበትን ሕይወት፣ ጀግንነቱንና መሬቱን በአንድ ረድፍ የሚናገር ሥራ ነው። ከመቃብር እየተነቀሉ የተሸጡ ዋካዎች ብዙ ናቸው፤ የተረፉትን ለማየት የኮንሶ ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው። ዋካውን ያየ ሰው እርከኑን ሳያይ መመለስ የለበትም። ያለ ጭቃ የተደረደረው ካብ ዝናቡን ቀስ አድርጎ ወደ ማሽላውና ወደ ሽፈራው ሥር ያሰርገዋል፤ የተረፈውንም መውጫ ሰጥቶ ይለቀዋል። ኤልዛቤት ዋትሰን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ይህን ካብ ያቆመው ድንጋይ መደርደር ብቻ ሳይሆን ሰውን ለሥራ የሚያሰባስብ ሥርዓት ነው። የተራራውን መልክ የሠራው ሰው ነው፤ መልክዓ ምድሩ ራሱ የተቀረጸ ሥራ ነው።

ሰው ዕቃ አይደለም

ሦስተኛው መከራከሪያ ደቡብን የሚያደንቅ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ይበልጣል። በደቡብ ኦሞ የሚታየው «ሕያው ባህል» ነው ይላል፤ ከዚያ መንደር ተገብቶ ሰው ተሰልፎ፣ በፎቶ ብር ተቆጥሮ ይወጣል። እዚህ ላይ ተቃውሞዬ ፎቶን ሳይሆን አስተያየቱን ነው። በነጭ አፈር የተቀባ የካሮ ወጣት ቀለሙን የሚመርጥበት፣ ንድፉን የሚለዋውጥበት ምክንያት አለው፤ ተሰልፎ እንዲጠብቅ የተደረገ ሰው ግን የጎብኚውን ፍላጎት ብቻ ይነግረናል። ሙያው የሚታየው ገበያ ላይ ነው። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ይቆማል። ሐመሩ በርኮቶውን ይዞ ይመጣል፤ መቀመጫም ትራስም የሆነች ትንሽ የእንጨት ዱካ ናት። ቅሎች በእሳትና በቢላ ተነቅሰው ይሸጣሉ። ዋጋ ተጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ መውጣት ሠሪውንና ገዢውን እኩል ያደርጋል። ጂንካ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ከገበያው በፊት ቢታይ ጎብኚው ጥያቄ ይዞ ይገባል።

ለዚህ አስተያየት የሚሆን አርአያ አዲስ አበባ ውስጥም አለ። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በብሔረሰብና በክልል አልደረደረም፤ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ተራ አሰልፏቸዋል። የደቡቡ የቀብር ምልክት ከሰሜኑ ጋር በአንድ አዳራሽ ይቆማል። ለደቡቡ ጉዞ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ጠቀሜታው ዕቃውን ማየት ብቻ አይደለም፣ እንዴት መደርደር እንደሚቻልም ያሳያል።

ወፍም ወቅትም የራሳቸው መስመር አላቸው

እስካሁን ለጥበቡ ተከራክሬያለሁ። ተፈጥሮ ወዳዱም ከተለመደው እቅድ የሚጎድልበት አለ። ሐይቅ ዳር ሎጅ ይዞ ጉማሬና አዞ አይቶ መመለስ የበጋውን ዋና ትዕይንት ያስመልጠዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የአውሮፓና የእስያ ብርድ የሚያባርራቸው ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ይከርማሉ። ዳክዬዎች፣ ሽመላዎችና ብዙ የረግረግ ወፎች በዝዋይ (ደንበል) ዳርቻና በአብያታ ዙሪያ ይታያሉ። በየዓመቱ ጥር ላይ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ኢትዮጵያም ትቆጥራለች። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዚህ ዓይነት ሥራ ልምድ ያለው ነው። በቆጠራው ሰሞን መጓዝ ሐይቁን ከጠቢብ ጋር የማየት ዕድል ይሰጣል።

ሐይቆቹ እንደ ፖስታ ካርድ አይደሉም። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን ዓሣው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ደሴቶቹ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ለምግብ ወደ ጎረቤቱ አብያታ ይበርሩ ነበር። አብያታ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሸሽቷል፤ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውሃ ለመስኖ ተወስዷል፣ ለሶዳ አሽ ምርትም ከሐይቁ ውሃ ተቀድቷል። ዛሬ ዳርቻው ላይ የሚቆም ሰው ከውሃው በፊት ሰፊ ነጭ አፈር ያቋርጣል። ይህን ሳይነገረው ፍላሚንጎ ፍለጋ የሚሄድ ጎብኚ ተፈጥሮን አይቷል ለማለት ያስቸግራል። በአርባ ምንጭ በኩል ደግሞ ቀላ ያለው አባያና ጠራ ያለው ጫሞ በ«እግዜር ድልድይ» ተለያይተው ይታያሉ። ከዚያ ማዶ ባለው የነጭ ሣር ፓርክ በ1990 (እ.ኤ.አ.) መንገድ ላይ ከተገኘ የሞተ ወፍ የተወሰደች አንዲት ክንፍ ለአዲስ ዝርያ መታወቂያ ሆናለች። በሌሊት የሚበር ወፍ የሆነው ይህ ዝርያ በሳይንስ የተገለጸው በዚያች ክንፍ ብቻ ነው። ተፈጥሮ ወዳድ ነኝ ለሚል ሰው ከአዞው ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ሊሆን ይችላል።

ወቅቱም የራሱ ሥርዓት አለው። የሰሜኑን ቀን መቁጠሪያ ይዞ «ክረምት ወጣ፣ መንገዱ ደርቋል» ብሎ በጥቅምት ወደ ኮንሶና ኦሞ የሚወርድ ሰው ዝናብ ላይ ይደርሳል። በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን ሁለተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል ይመጣል። አስተማማኙ የደረቅ ጊዜ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ነው። በዚህ ላይ የመከሩ ማብቂያ ስለሆነ ገበያው ይሞላል፤ የበጋው እቅድ ለደቡብ የሚገባው ለዚህ ነው።

ታዲያ እቅዱ ምን ይምሰል?

አንድ መስመር ሄዶ በሌላው መመለስ ይቻላል። ሲኬድ በመልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ፣ ጢያ፣ ቡታጅራ፣ ወራቤና ሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ። አርባ ምንጭን ማረፊያ አድርጎ አንድ ሙሉ ቀን ለዶርዜና ለጨንቻ፣ ሌላ ጧት ለጫሞ ጀልባ፣ ከዚያ ወደ ኮንሶ ወርዶ ሁለት አዳር። ጊዜ ያለው ጂንካንና ገበያዎቹን ይጨምራል። ሲመለሱ ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ በሀላባ ቁሊቶ ያልፋል። በርበሬዋን ሁሉም ያውቃል፤ የጎጆዎቿን ግድግዳ ግን አላፊው መኪና አያቆምለትም። እዚያ አካባቢ ቤት በቀለም ይነቀሳል፤ አንበሳ፣ አበባ፣ የሚያማምሩ ንድፎች በጭቃ ግድግዳ ላይ ይሳላሉ። ለሥዕል ወዳድ ከቤተ መቅደስ ውጭ በሕዝብ ቤት ላይ የተሳለ ሥዕል ማየት ሌላ ትምህርት ነው። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ወርዶ ዲላ ደርሶ መልስ ማድረግ፣ የጌዴኦን ሐውልትና ሐውልቶቹ የቆሙበትን ጫካ መሳይ የእንሰትና የቡና እርሻ አብሮ ያሳያል። ፍጻሜው ባቱ (የዝዋይ ከተማ) ይሁን። በደንበል ሐይቅ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም የአክሱም ታቦት በዮዲት ዘመን ተሰዶ እንደቆየባት ይነገራል፤ የሰሜን ታሪክ ራሱ ወደ ደቡብ ሐይቅ የሸሸበት ቦታ ነው። ከባቱ እስከ ሞጆ ያለው ፈጣን መንገድ ነው።

አሥር ቀን ለዚህ አይበዛም፤ በአምስት ቀን የሚሞክረው ሰው ኮንሶን ወይም ዲላን ለሌላ ዓመት ያቆይ። ከመነሳት በፊት የየአካባቢውን የመንገድ ደኅንነት ሁኔታ መጠየቅ፣ ለቆላው የወባ መከላከያ ሐኪም ማማከር፣ ለዶርዜ ጋቢ መያዝ፣ ዝርዝር ብር ማዘጋጀት ቀላል የሚመስሉ ግን ጉዞ የሚያበላሹ ነገሮች ናቸው። በየቦታው ከዚያው አካባቢ የሆነ አስጎብኚ መያዝ ግዴታ ነው ባይ ነኝ፤ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ሠሪዎቹን ያውቃቸዋል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ሰው ለዕረፍት ነው የሚወጣው፤ ማለዳ ተነስቶ የሐውልት ጥላ የሚቆጥር ማን ነው? ይህን የሚሉ ሰዎች ሐይቅ ዳር መተኛታቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በዳውሮ በጊቤ ሦስት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ የተገነባው ሃላላ ኬላ ስሙን የወሰደው ንጉሥ ሃላላ ካቆመው ሰፊ የድንጋይ ካብ መሆኑን እዚያ አርፈው የተመለሱ ብዙዎች አያውቁም። ስሙን ወስዶ ሥራውን ያላሳየ ጉዞ ዕረፍቱንም ያሳንሰዋል፤ ዕረፍትና እውቀት በአንድ መኪና መጓዝ ያቅታቸዋል ያለው ማን ነው?

ሰሜኑ ታላቅነቱን ከደቡቡ ትንሽነት አላገኘም፤ ስለዚህ ይህ ምላሽ ከላሊበላ የሚቀንሰው የለም። የሚጠይቀው ለበጋ የሚወጣው መንገደኛ ዝርዝሩን በሌላ ጥያቄ እንዲጀምር ነው፤ «ምን አያለሁ?» ከማለት አስቀድሞ «እዚያ ማን ይሠራል? ከምን ይሠራዋል? የሚሠራበት ወቅትስ መቼ ነው?» ይበል። አስጎብኚዎች በጉዞ ዝርዝራቸው ላይ ከሎጁ ስም ጎን የሸማኔውን፣ የሸክላ ሠሪዋንና የካብ ደርዳሪውን መንደር ቢያሰፍሩ፣ ለፎቶ የሚከፈለውም ብር ለሥራው ዋጋ ቢከፈል፣ የደቡቡ መንገድ የሚገባውን ቦታ በጥበብ ታሪካችን ውስጥ ለማግኘት የሌላ ምሁር ምላሽ አያስፈልገውም።